የቅድሚያ ሽሚያ፦ ሳይበላሽ ዝም የሚል የኔትወርክ ካርድ

ብዙ ደንበኞችን የሚያስተናግድ አንድ ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ከኔትወርኩ ይጠፋል እንበል። ባለሙያው ወደ ማሽኑ ቀርቦ ሲመረምር ኤሌክትሪኩ አልተቋረጠም፤ ገመዱ በቦታው ነው፤ የካርዱ መብራት ይበራል፤ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ከማሽኑ የሚወጣ ፓኬት ግን አንድም የለም። ጥቂት ሰኮንዶች ካለፉ በኋላ በሥርዓተ ክወናው መዝገብ ላይ የማስተላለፊያው ጊዜ እንዳለፈ የሚገልጽ አጭር መልእክት ይጻፋል፤ ካርዱ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ባለሙያው ገመዱን ይለውጣል፤ ካርዱንም ይለውጣል። በማግስቱ ያው ዝምታ ይመለሳል።

የዚህ ዓይነቱ ብልሽት መንሥኤ ብዙ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከሁሉ ይልቅ የረቀቀውን ነው። ይኸውም የተበላሸ ዕቃ ወይም የተሳሳተ ስሌት ሳይኖር፣ እያንዳንዳቸው ትክክል የሆኑ ሁለት ሥራዎች ባልሆነ ቅጽበት በመገናኘታቸው ብቻ የሚፈጠር ስሕተት ነው። በሙያው ቋንቋ «ሬስ ኮንዲሽን» ይባላል፤ እኛ «የቅድሚያ ሽሚያ» እንለዋለን። ውጤቱ የሚወሰነው ከሁለቱ ማን ቀደመ በሚለው ነውና።

የወፍጮ ቤቱ ምሳሌ

ነገሩን ወደ ኮምፒዩተር ከመውሰዳችን በፊት ወደ አንድ ወፍጮ ቤት እንግባ። ወፍጮ ቤቱ ሁለት ሠራተኞች አሉት። አንዱ በር ላይ ቆሞ እህል የሚረከበው ተረካቢ ነው፤ ሌላው ውስጥ ሆኖ የሚፈጨው ፈጪ ነው። የወፍጮው ድምፅ ስለሚያደነቁር አይነጋገሩም። የሚግባቡት በሁለት ሰሌዳዎች ነው። ፈጪው በአንደኛው ሰሌዳ ላይ ያልተፈጩትን ጆንያዎች ብዛት ይጽፋል፤ ተረካቢው በሁለተኛው ሰሌዳ ላይ በሩ «ክፍት» ወይም «ዝግ» መሆኑን ይጽፋል።

ደንባቸውም ቀላል ነው። ተረካቢው የጆንያ ቁጥሩን አይቶ ቤቱ ከሞላ በሩን ይዘጋል፤ «ዝግ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያም ፈጪው እስኪቀሰቅሰው ድረስ ጋደም ይላል። ፈጪው በበኩሉ አንድ ጆንያ በጨረሰ ቁጥር ቁጥሩን ያድስና የበሩን ሰሌዳ ይመለከታል። «ዝግ» የሚል ካገኘና ቦታ ካለ ተረካቢውን ይቀሰቅሳል። «ክፍት» የሚል ካገኘ ግን እህል በራሱ ጊዜ ይመጣልና ማንንም አይቀሰቅስም።

ደንቡ እንከን ያለበት አይመስልም። አንድ ቀን ግን እንዲህ ሆነ። ተረካቢው ሰሌዳውን አይቶ ቤቱ መሙላቱን አረጋገጠና በሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ደርሶ ሰላምታ አበዛበት። የቤተሰቡ፣ የከብቱ፣ የአዝመራው ደኅንነት እየተጠየቀ ሳለ ፈጪው ያለውን እህል ሁሉ ፈጭቶ ጨረሰ። ከእያንዳንዱ ጆንያ በኋላም የበሩን ሰሌዳ አይቷል፤ ሰሌዳው ሁልጊዜ «ክፍት» ይል ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳይቀሰቅስ እህል እስኪመጣለት ተቀመጠ። ዘመዱ ከሄደ በኋላ ተረካቢው ቀድሞ ባየው ቁጥር ተመሥርቶ በሩን ዘጋ፤ «ዝግ» ብሎ ጻፈና ተኛ። ከዚህ በኋላ ፈጪው እህል ይጠብቃል፤ ተረካቢው ቀስቃሽ ይጠብቃል። ወፍጮው ሳይሰበር ወፍጮ ቤቱ ቆመ። ከሁለቱም ደንብ የጣሰ አልነበረም።

ከወፍጮ ቤት ወደ ኔትወርክ ካርድ

የኔትወርክ ካርድን የሚያስኬደው የሶፍትዌር ክፍል ድራይቨር ይባላል። ድራይቨሩ ፓኬቱን በራሱ ወደ ገመዱ አይገፋም። ፓኬቱ በሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለና ርዝመቱ ስንት እንደሆነ በማስታወሻ ይመዘግባል፤ ካርዱም ማስታወሻውን አንብቦ ፓኬቱን ከሜሞሪው ራሱ ይወስዳል። እነዚህ ማስታወሻዎች የሚደረደሩበት ሠንጠረዥ ቀለበት ይባላል፤ መጨረሻው ላይ ሲደረስ ወደ መጀመሪያው ይዞራልና። በብሮድኮም የጊጋቢት ካርዶች ላይ የሚሠራው «ቲጂ3» የተባለው የሊኑክስ ድራይቨር ለምሳሌ 512 ክፍሎች ያሉት የማስተላለፊያ ቀለበት ይጠቀማል።

በቀለበቱ ላይ ሁለት የፕሮግራም ክፍሎች ይሠራሉ። አንደኛው አዲስ ፓኬት የሚያስገባው ነው፤ አስተላላፊ እንበለው። ሁለተኛው፣ ካርዱ ፓኬቱን ልኮ መጨረሱን በኢንተራፕት ሲያስታውቅ፣ የተላኩትን አንሥቶ ቦታውን ነጻ የሚያደርገው ነው፤ አጽጂ እንበለው። አስተላላፊው ተረካቢያችን ነው፤ አጽጂውም ፈጪያችን። ቀለበቱ ሲሞላ አስተላላፊው ወረፋውን ያቆማል፤ አጽጂው ቦታ ሲገኝ ያስነሣዋል። ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በርካታ የፕሮሰሰር እምብርቶች ስለሚገኙ ሁለቱ ክፍሎች በሁለት እምብርቶች ላይ እኩል በአንድ ጊዜ ሊሮጡ ይችላሉ። የስሕተቱም ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ. አስተላላፊው ቀለበቱን ይመለከታል፤ ሞልቷል።
2ኛ. ወረፋውን ከማቆሙ በፊት ሌላ ኢንተራፕት ደርሶ ያቋርጠዋል።
3ኛ. በሌላው እምብርት ላይ አጽጂው በቀለበቱ የነበሩትን ሁሉ ያጸዳል፤ ወረፋው መቆሙን ይጠይቃል፤ አለመቆሙን አይቶ ሥራውን ይጨርሳል።
4ኛ. አስተላላፊው ተመልሶ ወረፋውን ያቆማል።

ከዚህ በኋላ በቀለበቱ ውስጥ የሚላክ ፓኬት የለም። የሚላክ ከሌለ «ልኬ ጨርሻለሁ» የሚል ኢንተራፕት አይኖርም። ኢንተራፕት ከሌለ አጽጂው አይጠራም። አጽጂው ካልተጠራም ወረፋውን የሚያስነሣው የለም። ባዶ ቀለበት ይዞ ሞልቷል ብሎ የተኛ ማሽን ይህ ነው። ሊኑክስ ለዚህ ዓይነቱ ዝምታ ጠባቂ ሰዓት አለው፤ ድራይቨሩ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር 5 ሰኮንድ ጠብቆ ካርዱ እንደገና እንዲነሣ ያደርጋል። ጠባቂው አገልግሎቱን ያድናል፤ የስሕተቱን ምክንያት ግን አይነግረንም።

ፈተና ለምን አያገኘውም?

ተማሪዎች ፕሮግራም ጽፈው ሲጨርሱ ያስኬዱታል፤ ከሠራ ትክክል ነው ይላሉ። ይህ ልማድ በቅድሚያ ሽሚያ ፊት ዋጋ የለውም። ለምሳሌ ያህል ቀለበቱ በሰኮንድ 100 ጊዜ ይሞላል፤ ከላይ የዘረዘርነው ቅደም ተከተል የሚገጥመውም ከ10 ሚሊዮን ሙሌት አንድ ጊዜ ነው ብለን እናስብ። ስሕተቱ በአማካይ በ100,000 ሰኮንድ፣ ማለትም በ28 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ይከሰታል። ለ10 ደቂቃ ብቻ የሚፈትን ሰው የሚያገኘው ዕድል ከ1000 ሙከራ 6 ጊዜ ያህል ነው። በ994ቱ ሙከራ ድራይቨሩ ፍጹም ይመስላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ስሕተቱን ለማየት ሲባል በፕሮግራሙ ውስጥ የክትትል መልእክት የሚጽፍ መስመር ቢጨመር፣ መስመሩ ራሱ የሥራዎቹን ፍጥነት ስለሚለውጥ ስሕተቱ ሊሰወር ይችላል። መርማሪው ዓይኑን ሲያሳርፍበት ይጠፋል፤ ዞር ሲል ይመለሳል።

በኔትወርክ ካርድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የ5 ሰኮንድ ዝምታ ሊሆን ይችላል። የስሕተቱ ዘመዶች ግን የሰው ሕይወት ቀጥፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ «ቴራክ-25» የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ በስድስት የታወቁ አደጋዎች ለሕሙማን ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጥቷል፤ ከሕሙማኑም የሞቱ ነበሩ። ከመንሥኤዎቹ አንዱ የቅድሚያ ሽሚያ ነበር። መሣሪያው ማግኔቶቹን ለማስተካከል 8 ሰኮንድ ያህል ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኦፕሬተሯ የተሳሳተ መረጃ አርማ ከጨረሰች እርማቱ በስክሪኑ ላይ ይታያል እንጂ የፕሮግራሙ አንዱ ክፍል አያውቀውም። ኦፕሬተሮቹ ሥራውን እየለመዱ በሄዱ መጠን እጃቸው ፈጠነ፤ በመጀመሪያው ወራት ያልታየው ስሕተትም በልምድ ብዛት ተገለጠ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት፣ በኦሃዮ ግዛት በሚገኝ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያው ሶፍትዌር በቅድሚያ ሽሚያ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ዝም ብሎ ነበር። የመቆጣጠሪያው ሠራተኞች ማስጠንቀቂያ ባለመስማታቸው ሁሉ ሰላም መሰላቸው። የእኛ ተረካቢ በር ዘግቶ እንደተኛ ሁሉ፣ እዚያም አደጋው የተሰወረው በዝምታ ነበር።

መፍትሔው፦ ከዘጉ በኋላ እንደገና ማየት

ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስና መፍትሔ እንፈልግ። የስሕተቱ ሥር ተረካቢው ያየው ነገር በሩን እስኪዘጋ ድረስ ማርጀቱ ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ እንጨምርለት፦ በሩን ከዘጋህና «ዝግ» ብለህ ከጻፍህ በኋላ፣ ከመተኛትህ በፊት የጆንያውን ሰሌዳ ዳግመኛ ተመልከት፤ ቦታ ተገኝቶ ከሆነ በሩን ራስህ ክፈት።

አሁን ዘመዱ የፈለገውን ያህል ቢያቆየው ጉዳት የለም። በሩን ከዘጋ በኋላ ሰሌዳውን ሲያይ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ያገኘዋልና ይከፍታል። በድራይቨሩም እንዲሁ ነው። አስተላላፊው ወረፋውን ካቆመ በኋላ የቀለበቱን ነጻ ቦታ እንደገና ይቆጥራል፤ በቂ ቦታ ካለ ወረፋውን ራሱ ያስነሣል። የሚጨመረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ብዙዎች ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። የዚህ ስሕተት ጥልቅ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ተላላኪዎቹ

ወፍጮ ቤቱ እየበለጸገ ሲሄድ ሁለቱ ሠራተኞች ለየራሳቸው ተላላኪ ልጅ ቀጠሩ እንበል። ተረካቢው «ዝግ» ብሎ ለመጻፍ አይንቀሳቀስም፤ ለልጁ ነግሮት ወዲያው ወደ ሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ፈጪውም አዲሱን ቁጥር ለራሱ ተላላኪ ይነግረዋል። ሥራው ፈጠነ። ይሁን እንጂ ተረካቢው «ዝግ» ብሎ ያዘዘው ልጅ ገና በመንገድ ላይ ሳለ የጆንያውን ሰሌዳ ቢያይ፣ የፈጪውም ልጅ ገና ስላልደረሰ አሮጌውን ቁጥር ያገኛል። በዚያው ቅጽበት ፈጪው የበሩን ሰሌዳ ሲያይ «ክፍት» የሚል ያገኛል። ሁለቱም አዲሱን ደንብ ፈጽመዋል፤ ሁለቱም ተኝተዋል።

የዘመናችን ፕሮሰሰሮች በትክክል እንዲህ ዓይነት ተላላኪ አላቸው። እያንዳንዱ እምብርት ወደ ሜሞሪ የሚጽፈውን ነገር ለጥቂት ጊዜ በራሱ ማቆያ ውስጥ ያኖረዋል፤ ጽሑፉ ለሌሎች እምብርቶች ሳይታይ እርሱ ወደ ሚቀጥለው ንባብ ሊያልፍ ይችላል። በግል ኮምፒዩተሮች በስፋት የሚገኙት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች በመደበኛ ሜሞሪ ላይ የሚፈቅዱት የቅደም ተከተል ለውጥ በዋናነት ይህ ነው፤ ከመጻፍ በኋላ የታዘዘ ንባብ ከጽሑፉ ቀድሞ ሊፈጸም ይችላል። የኤአርኤም ፕሮሰሰሮች ደግሞ ሌሎችንም ለውጦች ይፈቅዳሉ። ኮምፓይለሩም በበኩሉ መስመሮችን ሊያቀያይር ይችላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች የምናነበው የፕሮግራም ቅደም ተከተል፣ ሌላው እምብርት የሚያየው ቅደም ተከተል ላይሆን ይችላል።

መድኃኒቱ የሜሞሪ አጥር የሚባለው ትእዛዝ ነው። ትርጉሙም «ተላላኪህ ሰሌዳው ላይ ጽፎ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ሰሌዳ አታንብብ» ማለት ነው። አጥሩ በሁለቱም ወገን መቆም አለበት። አስተላላፊው ወረፋውን ያቆማል፤ አጥር፤ ከዚያም ነጻ ቦታውን ያነባል። አጽጂው ቁጥሩን ያድሳል፤ አጥር፤ ከዚያም ወረፋው መቆሙን ያነባል።

ይህ በቂ መሆኑን በሙከራ ሳይሆን በማስረጃ ማሳየት እንችላለን። አስተላላፊው አዲሱን ቁጥር ሳያይ ቀረ እንበል። እንግዲያውስ ያነበበው አጽጂው ከመጻፉ በፊት ነው። አስተላላፊው ደግሞ ከማንበቡ በፊት «ቆሟል» ብሎ ጽፏል። አጽጂውም የሚያነበው ከጻፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የአጽጂው ንባብ ከአስተላላፊው ጽሑፍ በኋላ ይመጣል፤ «ቆሟል» የሚለውን ማየቱ የግድ ነው። አንዱ ቢያመልጠው ሌላው ያየዋል፤ ሁለቱም ሊያመልጣቸው አይችልም። ከሁለቱ አጥሮች አንዱ ቢጎድል ግን ማስረጃው ይፈርሳል፤ ስሕተቱም ይመለሳል።

የቲጂ3 ድራይቨር ጸሐፊዎች በአጽጂው ክፍል ካለው አጥር አጠገብ ማስታወሻ አኑረዋል፤ አጥሩ ባይኖር ወረፋው ለዘለቄታው ቆሞ የሚቀርበት ጥቂት ዕድል እንዳለ ይገልጻል። ከላይ ያየነው ነገር ሁሉ በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። የአሳቡ ዝርያም ጥንታዊ ነው። «መጀመሪያ የራስህን ምልክት ጻፍ፤ ከዚያ የሌላውን አንብብ» የሚለውን ዘዴ የፈለሰፈው ዴከር የተባለው የሆላንድ የሂሳብ ሊቅ ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 በጻፈው ጥናት ለዓለም አስተዋውቆታል።

ለምን በቁልፍ አንዘጋውም?

አንባቢ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አስተላላፊውና አጽጂው አንድ ቁልፍ ተጋርተው፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ውጭ ቢጠብቅ ይህ ሁሉ ድካም አይቀርም ነበርን? በእርግጥ ይቀር ነበር። ሊኑክስም በርካታ ፕሮሰሰሮችን ማስኬድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ለመላው ከርነል አንድ ትልቅ ቁልፍ በማበጀት ነበር። ያን ቁልፍ በየቦታው በትናንሽ ቁልፎች ተክቶ ጨርሶ ለማስወገድ እስከ 2011 ድረስ ወስዷል።

ችግሩ ዋጋው ነው። በጊጋቢት ኔትወርክ ላይ ትንንሾቹ ፓኬቶች በሰኮንድ እስከ 1,488,095 ሊደርሱ ይችላሉ፤ ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው ጊዜ 672 ናኖሰኮንድ ነው። በ10 ጊጋቢት ይህ ወደ 67 ናኖሰኮንድ ይወርዳል። በ2 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ፕሮሰሰር 134 ያህል ምት ብቻ ማለት ነው። ሁለት እምብርቶች የሚሻሙበት ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ብቻ ከዚህ በጀት አብዛኛውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ቲጂ3 መካከለኛውን መንገድ ይከተላል። አጽጂው ቁልፍ የሚይዘው ወረፋው በእርግጥ መቆሙን ካየና በቂ ቦታ ካገኘ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ከያዘም በኋላ ዳግመኛ አይቶ ያረጋግጣል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ባገኘ ቁጥር እንዳይነሣና እንዳይቆምም ሩብ ያህሉ ነጻ እስኪሆን ይጠብቃል።

አንድ ስሕተት፣ ብዙ ድራይቨር

ይህ ጥበብ ለብዙ ዓመታት ከድራይቨር ወደ ድራይቨር በእጅ ሲገለበጥ ኖሯል። የገለበጠው ሁሉ ግን የአጥሩን ምሥጢር አልተረዳም፤ አንዱ ወገን አጥር ኖሮት ሌላው የሌለው ድራይቨር ሊጻፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የሊኑክስ የኔትወርክ ክፍል ጠባቂዎች ወረፋ የማቆምና የማስነሣት ሥራውን ከነአጥሮቹ በጋራ መሣሪያነት አዘጋጅተው በ6.4ኛው እትም አቅርበዋል። ከዚህ ወዲህ አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ማስረጃውን እንደገና መፈልሰፍ አያስፈልገውም።

ለፍለጋም መሣሪያዎች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በ5.8ኛው እትም የገባው ኬሲሳን ከርነሉ በሚሮጥበት ጊዜ አንዱን የሜሞሪ ንባብ ወይም ጽሑፍ ሆነ ብሎ ያዘገያል፤ በዚያም ጊዜ ሌላ እምብርት ያንኑ ቦታ ቢነካ ይዘግባል። በምሳሌያችን ቋንቋ፣ ዘመዱን ሆነ ብሎ ወደ በሩ የሚልክ መሣሪያ ነው።

አንባቢም በቤቱ ወይም በቤተ ሙከራ ሊሞክረው የሚችል ቀላል ነገር አለ። አንድ የጋራ ቁጥር ከዜሮ ይጀምርና ሁለት ትሬዶች እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ጊዜ 1 ይደምሩበት። መልሱ 2 ሚሊዮን መሆን ሲገባው ብዙውን ጊዜ ያነሰ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ በተደጋገመ ቁጥርም መልሱ ይለያያል። ምክንያቱን በወረቀት ላይ በደረጃ ዘርዝሮ የጻፈ ተማሪ የዚህን ጽሑፍ ፍሬ አግኝቷል።

የሊኑክስ ድራይቨሮች ጽሑፍ ለማንም ሰው ክፍት ስለሆነ፣ የፕሮግራም ቋንቋ የተማረ ሁሉ ቲጂ3ን ከፍቶ ሁለቱን አጥሮች በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ሲያያቸው ትንንሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንዲት መስመር ናቸው። አንዷን ቢሰርዝ ድራይቨሩ ይሠራል፤ ዛሬም፣ ምናልባት ነገም። ለዚህም ነው በአንድ ጊዜ የሚከናወኑ ሥራዎችን የሚጽፍ ሰው «ሞክሬው ሠርቷል» በሚለው ብቻ ሊረካ የማይገባው። ዘመዱ መቼ ወደ በሩ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ደንቡ መጻፍ ያለበት በማንኛውም ቅጽበት ቢመጣ ወፍጮ ቤቱ እንዳይቆም ሆኖ ነው።